የተነቃነቀው ማን ነው?

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ውይ ሚጡ! ሚጡዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ! ድምፅሽ ተቀየረብኝኮ... ጉንፋን ነው?... አይደለም? እሺ። አንዴ ቆዪኝ፣ ሰው አስቀምጬ ነው... — ወንድሜ፣ አገጭህን ዝቅ። ኧረ ዝቅ፣ እንዲህ አይደለም፣ እንቅልፍ አስመሰልከው! አዎ፣ እንደሱ። አሁን አትነቃነቅ! — አዎ ሚጡ፣ አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው አትነቃነቅ ብሎ ነው። የወጣለትን ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ይቺን ፎቶ ቤት ከከፈተ ጀምሮ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ፣ ሙሽራም ይሁን ሕፃን፣ “አትነቃነቅ!” ሳይለው አንስቶ አያውቅም። ፎቶው ተድበስብሶ ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። ተነሺው ተነቃንቋል፣ አለቀ። ሰውም አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

የደወለችው የእህቱ ልጅ ናት። ሥራዋ ቀያሽነት ነው፤ ቀን መሬት ስትለካ ትውላለች፣ ሲመቻት ደግሞ ሰማይን በፎቶ ታነሳለች። አጎቷ ሰሞኑን የሚመጻደቅበትን ዕቃ ያዋሰችውም እሷ ናት። ዕቃው በባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድና በካሜራው መካከል የሚታሰር ትንሽ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ሞተር አለው። መከታተያ ይሉታል። ኮከቦቹ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ካሜራውን ቀስ እያደረገ አብሯቸው ያዞረዋል፤ እንዲያ ሲሆን ካሜራው ብዙ ደቂቃ ተከፍቶ ቢቆይ እንኳን ኮከቦቹ አይጎተቱም።

— ተሳካ ወይ? ተሳካ ወይ ትይኛለሽ ደግሞ! እንዴታ!... ኮከቦቹን ብታዪያቸው፣ በመርፌ የተወጋ ነው የሚመስለው። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ! ፍኖተ ሐሊብ ከጣሪያው በላይ ተንጣሎ... አዎ፣ በሰፊው ሌንስ ነው... ምን እረሳለሁ! ትራይፖዱን በውኃ ልክ አስተካከልኩት። ከዚያ በሳጥኑ ቀዳዳ አጮልቄ የሰሜን ኮከብን እመሃሉ ላይ... አገኘኋት እንጂ! መጀመሪያ የአንቴናውን መብራት ነበር የያዝኩት፣ እሱን ተዪው... አትሳቂ! ኮከብ ቀይ እንደማይሆን በኋላ ገባኝ... ፎከስማ በትልቁ ኮከብ ነው፣ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ፣ ሳስተካክል ዐይኔ ሊወጣ! ቀለበቱንም እንዳይዞር በፕላስተር ለጠፍኩት... በጣቴ? በጣቴ አልነካሁም፣ በካሜራው ሰዓት ቆጣሪ ነው ያስነሳሁት፣ እንዳልሽኝ... ጎበዝ ተማሪ? ሃሃ! በዚህ ዕድሜዬ ጎበዝ ተማሪ ተባልኩ! — ሰማሽ አንቺ? ጎበዝ ተማሪ ነህ አለችኝ።

ይህን ያለው ለባለቤቱ ነው። እሷ ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ጉርድ ፎቶ በመቀስ ትቆርጣለች። ቀና አላለችም።

— ላክልኝ?... አሁን?... እ... ምን መሰለሽ፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ ተንገራግጮብኛል... ጠዋት ነው የጀመረው... አዎ፣ ጭራሽ አይከፍትም...

አሁን ባለቤቱ ቀና አለች። ኮምፒውተሩን አየችው፣ ከዚያ ባሏን አየችው።

— ዛሬ የግድ ነው? ምን አስቸኮለሽ?... ለማን?... ለሐኪም?... የምን ሐኪም?... የነርቭ?... ቆይ ሚጡ፣ ቀስ በይ። የት ሆነሽ ነው የምትደውዪው?... እማዬ ቤት?... እማዬ ምን ሆነች?

መቀመጫ ፈለገ። በርጩማው ላይ ደንበኛው፣ ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ የመጣው ሾፌር፣ ተቀምጧል፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ እንደታዘዘው ደርቋል። ሌላ ወንበር የለም። አትነቃነቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

— እየሰማሁ ነው... ኩባያውን በሁለት እጇ?... ግማሽ ብቻ ቅጂልኝ ትላለች?... ለምን?... ሰውነቴ ሳላውቀው ይንቀጠቀጣል አለች... ማን ነው እንዲህ ያላት?... እ?... እኔ?... አዎ። አዎ፣ ብያለሁ... ምድጃውንም ወሰዱባት?... አባትሽ ነው ያለው?... እየተንቀጠቀጠች እሳት አታንድድ... እና እሷ ምን አለች?... እሺ?! እማዬ እሺ አለች?... የስፌት መኪናዋን ደግሞ ምን አደረገችው?... ለማን?... ለጎረቤቷ ሰጠች?... ኧረ በስማም! ኧረ ጉዴ ነው! ክር እኮ በመርፌ በአንዴ ነው የምታሾልከው ሚጡ፣ መነጽር እንኳን ሳታደርግ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሲመሽ አትነቃነቅ መከታተያውን ተሸክሞ እናቱ ቤት ሄደ። ሐሳቡ አንድ ትልቅ ፎቶ ነበር፤ እናቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ከበላይዋ ሰማዩ እንዳለ። ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቅሎት መንገደኛውን ሁሉ ሊያስደምም ነው። ሚጡ መስክ ላይ ስለነበረች አልመጣችም። እናትና አባቷ ግን ነበሩ፣ ጎረቤቶችም ጉዱን ሊያዩ ወጥተው ነበር። ከእናቱ እግር ሥር ፋኖስ አስቀመጠና “አትነቃነቂ!” አላት። አሮጊቷ በዚያ ብርድ ትንፋሿን ውጣ ተቀመጠች። አነሳና ትንሿ ስክሪን ላይ ፊቷን አጉልቶ ቢያይ ተድበስብሷል። ደግሞ አነሳ፣ ያው ነው። ደግሞ አነሳ። ቤቱ ጨለማ ነው፣ በፋኖሱ የምትታየው እሷ ብቻ ናት። በመጨረሻ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸባት። “አንዴ እንኳን ረግቶ መቀመጥ ያቅትሻል? እጅሽም አንገትሽም ይንቀጠቀጣል! ምሽቴን አበላሸሽብኝ!” አላት። እሷም “ይቅር በለኝ ልጄ፣ እርጅና ነው” ብላ ብርድ ልብሷን ሰብስባ ገባች።

— ሚጡ፣ እስኪ ስሚኝ። ፎቶውኮ ያን ያህል አይደለም... የተንቀጠቀጠችው ማለቴ ነው፣ ትንሽ ነው። ለሐኪም የሚታይ ነገር የለውም... ነፋስም የነበረ መሰለኝ... አዎ፣ ነፋስ ነበር፣ ትዝ አለኝ... ኮከቦቹ? ነጥብ ናቸው አልኩሽ አይደል?... እ?... ነፋስ ካሜራውን ቢነቀንቀው ኮከቦቹም አይተርፉም ነበር... እሱም እውነት ነው። እሱም እውነት ነው እንግዲህ...

ከቀያሽ ጋር መዋሸት ከባድ ነው። ወዲያ ቢሉት ወዲህ ቢሉት መስመሩ ላይ ትመልሰዋለች።

— ግድግዳው?... ግድግዳው እንዴት ነው ማለት ምንድን ነው? ግድግዳ ግድግዳ ነዋ!... የበሩ ጠርዝ... አይታይም፣ ጨለማ ነው... ቢያበሩትማ ሊታይ ይችላል... አላበራሁትም። አላየሁትም አልኩሽ! ዐይኔን ግንባር ያርገው አላየሁትም!

ባለቤቱ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። ሰኞ ጠዋት ፎቶውን በትልቁ ስክሪን ከፍታ፣ ጨለማውን ያበራችው እሷ ናት። “ግድግዳውም አርጅቶ ነው እንዴ የሚንቀጠቀጠው?” ብላ የጠየቀችውም እሷ ናት። በሩ፣ የበሩ እጀታ፣ ደረጃው፣ የመስኮቱ ፍሬም፣ እናቱ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን እኩል ተስበዋል። ረግቶ የተገኘው ሰማዩ ብቻ ነው። መከታተያው ጥፋት የለበትም፣ ሥራውን ነው የሠራው። ካሜራውን ከኮከቦቹ ጋር ሲያዞር መሬት ላይ የቆመ ነገር ሁሉ ይሳባል። ሚጡ ዕቃውን ስትሰጠው ነግራው ነበር። ሞተሩ እየሠራ አንድ ለሰማዩ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አንድ ለመሬቱ፣ ከዚያ ሁለቱን ኮምፒውተር ላይ ታጋጥማቸዋለህ ብላው ነበር። እሱ “እሺ፣ እሺ” እያለ ሌንስ ይወለውል ነበር። እሷ ሳትወለድ ፎቶ ያነሳ የነበረ ሰው ከሷ ሊማር ነው እንዴ!

— (ምን ታፈጪብኛለሽ?... ዐውቃለሁ!... ዐውቃለሁ አልኩኮ፣ ምን ላድርግ!) የለም፣ የለም ሚጡ፣ አንቺን አይደለም... ማንም የለም፣ ሚስቴ ናት... ምንም አላለችም። እሱ ነው የባሰው፣ ምንም አላለችም... — ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ተነሳ በቃ! ቅድም አንስቼሃለሁ... ኧረ ተነቃነቅ፣ ማን ከለከለህ!

ሾፌሩ አንገቱን እያሻሸ ተነሳ። ከበሩ ጋ ሄዶ ፎቶው እስኪታተም ቆመ። እንዲህ ያለ ወሬ ጥሎ የሚሄድ የለም።

— ሚጡ። ትሰሚኛለሽ?... ካፈርኩ አይመልሰኝ፣ ልንገርሽ። ሞተሩን አላጠፋሁትም... አዎ። አንዴም አላጠፋሁትም። ሁሉንም ያነሳሁት ሞተሩ እየዞረ ነው... ለመሬቱ? ለመሬቱ አንድም የለኝም... ነግረሽኛል፣ አዎ፣ ነግረሽኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ እኔም ሰው ተነቃነቀ ማለትን ይዤ ቀረሁ... ግድግዳውም፣ በሩም፣ ቤቱ በሙሉ ነው የተሳበው... እማዬ?... ከቤቱ እኩል ነው። ቅንጣት አትበልጥም። ለክቼዋለሁ፣ አስምሬ ለክቼዋለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ብርድ አንዴ እንኳን ንቅንቅ አላለችም ሚጡ።

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

— ሄሎ?... አለሽ?... ተናገሪ እንጂ... ስደቢኝ፣ እሱ ይሻለኛል... አዎ... አዎ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ ነው የጮህኩባት፣ ልክ ነሽ... ምላሴን በቆረጠው ኖሮ... አትበይ፣ አትበይ፣ እሱን አትበይኝ... እሺ፣ በይ፣ ይገባኛል።

— እንደሱ ካልሽ አንቺ ንገሪያት። በሞቴ! በዘዴ፣ ቀስ አድርገሽ... ጋሼ ተሳስቶ ነው በያት... ለምን አይሆንም? አንቺ አፍ ታውቂበታለሽ... አልነበርሽም፣ እሱስ አልነበርሽም... የጮህኩትማ እኔ ነኝ... አሁን? አሁን እንኳን አይመችም፣ ሰው አለብኝ፣ ማታ ራሴ እደውላለሁ... ሚጡ፣ አትስጫት! አጠገብሽ ናት እንዴ? አትስጫት ብዬሻለሁ፣ ሚጡ...

— እማዬ።

ከግድግዳው ተላቀቀና ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እናቱ የምታየው ይመስል።

— ደኅና ነኝ... ደኅና ናት፣ ይቺውልሽ... ልጆቹም ደኅና ናቸው... ሥራ አለ፣ ተመስገን... እማዬ... አይ! አይ፣ ይቅርታ አትጠይቂኝ! ስለ ፎቶው ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ፣ እባክሽ!... ስሚኝ። አልተነቃነቅሽም... አልተነቃነቅሽም አልኩሽ። እጅሽም፣ አንገትሽም... ዕቃው ነው። የሚጡ ዕቃ... አይደለም፣ ዕቃውም አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሳላውቅበት ነው ያነሳሁበት።

— የለም እማዬ፣ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም... ሚጡ አይደለችም እንዲህ በል ያለችኝ... ያን ዕለት ትንቀጠቀጫለሽ ብያለሁ፣ አዎ... አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር፣ ሰው ሲቆጣ እውነቱን ነው የሚናገረው ትያለሽ... እኔ ግን ስቆጣ ስህተቴን ነው የተናገርኩት!

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ዕድሜውን ሙሉ “ተነቃንቀሃል” ያለው ሰው ሁሉ አምኖት ነው የሄደው። ዛሬ “አልተነቃነቅሽም” ሲል ግን የሚያምነው አጣ። እናቱ ልጇ ሆዱ ራርቶ የሚዋሽላት ነው የመሰላት፣ እንዲያውም ትመርቀው ጀመር። ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ አንጀቱን አቃጠለው።

— አትመርቂኝ! በፈጠረሽ አትመርቂኝ እማዬ፣ አይገባኝም!... ቆይ፣ ምስክር አለኝ። — ነይ እስኪ! ነይ ንገሪያት፣ አንቺን ታምንሻለች... ምነው?... አሃ።

ባለቤቱ እጆቿን አጣምራ ራሷን ነቀነቀች። የጀመርከውን ራስህ ጨርስ ማለቷ ነው።

— እማዬ፣ በርሽን ታውቂው የለ? የብረቱን በር... ይንቀጠቀጣል?... ሲከፈት አይደለም፣ ተዘግቶ ቆሞ እያለ... አይንቀጠቀጥም አይደል? ፎቶው ላይ ግን ተንቀጥቅጧል። ግድግዳውም፣ ደረጃውም፣ መስኮቱም... አዎ፣ ቤቱ በሙሉ! ቤቱን አንቺ ነቀነቅሽው እንዴ?... እንዴት መሰለሽ፣ ሞተሩ ካሜራዬን ያዞረዋል፣ እኔ ደግሞ ማጥፋት ነበረብኝ፣ አላጠፋሁም... አዎ፣ እንደሱ! መኪና ውስጥ ሆነሽ ዛፉ ሲሮጥ እንደሚታይሽ፣ እንደሱ ነው። ዛፉ መች ሮጦ ያውቃል!... ገባሽ?... ትስቂያለሽ?... ግድግዳው ይሂድ ሐኪም ቤት?... ሃሃ! ይሂድ፣ እሱ ይሂድ እማዬ!

በረጅሙ ተነፈሰ። ለባለቤቱ ዐይኑን ጠቀሰላት። ሾፌሩም ፈገግ አለ።

— እ?... አልሰማሁሽም... መቼ አወቅህ አልሽኝ?

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

— ሰኞ... ሰኞ ጠዋት... አዎ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው... የስፌት መኪናውን ማክሰኞ ነው የሰጠሽው?... አላወቅሁም፣ እሱን ከሚጡ ገና አሁን መስማቴ ነው! ባውቅማ... ባውቅ ኖሮ... እንጃ። እንጃ እማዬ፣ ልዋሽሽ አልችልም።

— ...አዎ... መጮህህን ትቼልሃለሁ፣ አላወቅህም ነበር... አዎ... ካወቅህ በኋላ ለምን ዝም አልክ...

የእናቱን ቃል ነው የደገመው። ባለቤቱ ዐይኗን ወደ ጉርድ ፎቶዎቹ መለሰች። እሷም ስታፍርለት ታየች።

— አፍሬ ነው... አፍሬ ነዋ እማዬ፣ ሌላ ምን አለ! ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ጮኼብሽ፣ ተመልሼ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ከበደኝ። ጎረቤቱ ምን ይለኛል፣ የእህቴ ባል መሳቂያ ያደርገኛል... እሑድ እነግራታለሁ፣ ስሄድ በጨዋታ መሃል ጣል አደርገዋለሁ እያልኩ... አዎ... አዎ፣ እንደሱ ነው። አንቺ በሌለብሽ ጥፋት ስታፍሪ፣ እኔ ባለብኝ አፍሬ ዝም አልኩ... ምድጃሽን ሲወስዱብሽ እንኳን... ልክ ነሽ... ልክ ነሽ እማዬ... አፈር ልብላ።

— ነገ በጠዋት እመጣለሁ። የስፌት መኪናሽንም ራሴ ሄጄ ከጎረቤትሽ አመጣለሁ። የነበሩትን ሁሉ ጠርቼ፣ እዚያው ደጃፍሽ ላይ፣ ፊታቸው... እማዬ?... አንድ ነገር በይኝ... ትሰሚኛለሽ?... እማዬ?... ሄሎ?... ሄሎ?

ስልኩ ተዘግቷል።

ባለቤቱ ታየዋለች። ሾፌሩም ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያየዋል። አትነቃነቅ ስልኩን ከጆሮው አላወረደም። ጉሮሮውን ጠረገ።

— እሺ እማዬ... አዎ... አዎ፣ ይሁን፣ እሺ... አንቺም ደኅና ዋዪልኝ... እሺ፣ እግዜር ይስ...

አፉ ላይ ቆመበት። ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደና ሁለቱንም እያየ፣

— ዘጋችብኝ፣ አላቸው።